የአያቴ ሦስት ጠገራ ብሮች፦ አንድ ቅጂ «ትክክል ነው» የሚባለው መቼ ነው?

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ቡሬ ሄጄ ነበር። አያቴ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። የደረስኩት ለማዳበሪያ መግዣ ገንዘብ በሚፈለግበት ሰሞን ነበር። አጎቴም አያቴ ለዘመናት በሙዳይ ያስቀመጧቸውን ሦስት ጠገራ ብሮች ይዞ ፍኖተ ሰላም ደርሶ ተመልሷል። አንድ ሱቅ ውስጥ ያዩለት ሰውዬ ሁለቱን «ደህና ናቸው» አሉት። ሦስተኛውን ግን «ይሄኛው ፎርጅድ ነው፤ ከፈለግህ በትንሽ ነገር ልውሰድልህ» አሉት። አጎቴም ግራ ገብቶት ሳይሸጥ መጣ።

ፎርጅድ የተባለው ያረጀው ነው። ጫፉ ላይ ተበስቶ በክር ይንጠለጠል ስለነበር፣ የሴትዮዋ ፊት እንኳ በቅጡ አይታይበትም። በጣም የተደነቀው ደግሞ ዛሬ የተሠራ የሚመስለው አንጸባራቂው ነው። አያቴም በሰውየው ፍርድ ተስማምተዋል። «የድሮ ሰው በትከሻዋ ላይ ያለውን ፈርጥ ቆጥሮ ነው የሚቀበል። በዚህ ላይ ምኑ ይቆጠራል?» አሉ።

እኔ ደግሞ ያጠናሁት የማምረቻ ምህንድስና ነውና ሚዛን፣ ውሃና ክር ይዤ ተቀመጥኩ። ውጤቱን ከመንገሬ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አብረን እናንሳ። አንድን ዕቃ «ትክክለኛ ነው» ወይም «ትክክለኛ አይደለም» ስንል፣ የምናወዳድረው ከምን ጋር ነው?

ጠገራው ራሱ የማን ቅጂ ነው?

ጠገራ ወይም ማርትሬዛ የምንለው ገንዘብ በላዩ ላይ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ምስል አለበት። ሴትዮዋ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። እናንተ ቤት ያለውን ጠገራ ገልብጣችሁ ብታዩት የሚያሳየው ዓመትም 1780 ነው። የጎረቤት ቤት ያለውም 1780 ይላል፤ ዘንድሮ ቪየና የሚታተመውም እንዲሁ።

ምክንያቱም እሷ ከሞተች በኋላ ገንዘቡ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር መታተሙን ቀጠለ። በእኛ አገር፣ በቀይ ባሕር ዙሪያና በዓረብ ምድር ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ብቻ ይፈልግ ስለነበር፣ አታሚዎቹም መልኩን ላለመንካት ተጠነቀቁ። ከምስሉ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት እንኳ አልተነሱም። እነዚህ ፊደላት ዛሬ በጀርመን ውስጥ በምትገኘው ጉንዝቡርግ ከተማ በነበረው ማተሚያ ይሠሩ የነበሩ የሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ሰዎቹ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተመታ ብርም ስማቸውን ይዞ ይወጣ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። በ1935 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ከኦስትሪያ ጋር ተስማምታ የማተሚያውን ቅርጽ ወሰደችና ሮም ላይ መምታት ጀመረች። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቤልጂየም ደግሞ ንግዳቸው እንዳይቋረጥ ሲሉ በለንደን፣ በፓሪስና በብራስልስ የራሳቸውን አወጡ። በ1940 እና 1941 እ.ኤ.አ. ቦምቤይ ላይ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ተመታ፤ ይህ በተለይ ኢጣሊያን ለማስወጣት ለተደረገው ዘመቻ የታሰበ ነበር። ዘመቻው ደግሞ ያለፈው በእኛው ሰፈር ነው። ከሱዳን በኩል የገባው የጌዴዎን ጦርና አርበኞቹ ወደ ቡሬ ተቃርበው፣ ኢጣሊያኖች ቡሬን ለቀው የወጡት በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ በአንድ ሙዳይ የተቀመጡ ሦስት ጠገራዎች፣ አንዱ ከቪየና፣ አንዱ ከሮም፣ አንዱ ከቦምቤይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ታዲያ ከእነዚህ ውስጥ «ኦሪጅናሉ» የቱ ነው? በጥብቅ ከሄድን ሁሉም ቅጂ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም አንድ የተጻፈ መለኪያ ይከተላሉ። ክብደታቸው 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ስፋታቸው ወደ 40 ሚሊሜትር ይጠጋል።

ያልነበረ መሣሪያን እንዴት በትክክል ይቀዱታል?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በሌላው የዓለም ጫፍ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ዕቃዎችን ቅጂ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። እነሱም ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩት በዚሁ ነው። የሚቀዱት ግን በዓለም ላይ ኖሮ የማያውቅ መሣሪያ ነው።

በጣም የታወቀውን እንውሰድ። በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው ስታር ዋርስ ፊልም ውስጥ ሉክ የሚይዘው የብርሃን ሰይፍ እጀታ አለ። ፊልሙ ሲሠራ ገንዘብ አልተረፈም ነበር። የመድረክ ዕቃ አዘጋጁ ሮጀር ክሪስቲያን ለንደን ውስጥ ከአንድ የካሜራ ዕቃ መሸጫ ግራፍሌክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን አሮጌ የፍላሽ መያዣ አገኘ። ባትሪ የሚገባበት የብረት ቱቦ ነው። በላዩ ላይ ጥቁር የላስቲክ መያዣዎችንና የካልኩሌተር ቁራጭ አጣበቀበት፤ ሰይፉ ይኸው ነው። የኦቢ ዋን ሰይፍ ደግሞ የጄት ሞተር ቱቦና የአሮጌ ቦምብ ክፍል ሳይቀር ተገጣጥመው የተሠራ ነው።

ይህ ለሰብሳቢዎቹ ትልቅ ዕድል ሆነላቸው። ፎቶ ብቻውን ስፋትና ርዝመት አይነግረንም፤ ቅርብ ያለ ትንሽ ዕቃና ሩቅ ያለ ትልቅ ዕቃ በፎቶ ላይ እኩል ሊታዩ ይችላሉ። በፎቶው ውስጥ ስፋቱ የሚታወቅ አንድ ነገር ካለ ግን እሱ ማስመሪያ ይሆናል። የፍላሽ መያዣው በፋብሪካ በብዛት የተመረተ ስለሆነ አንዱን ገዝቶ በካሊፐር መለካት ይቻላል። ከዚያ በፊልሙ ፎቶ ላይ ያለውን የላስቲክ ርዝመት፣ የቁልፉን ቦታ፣ የማሰሪያውን አቀማመጥ ከቱቦው ስፋት ጋር እያነጻጸሩ ማውጣት ነው። የምህንድስና ተማሪ በቤተ ሙከራ የሚሠራው ሥራ ነው።

ሰብሳቢዎቹ ቶሎ የተማሩት ሌላ ነገርም አለ። ለአንድ ፊልም አንድ ሰይፍ ብቻ አይሠራም። በቅርብ ለመነሳት ጥሩው፣ ለመውደቅና ለመመታት ደግሞ ርካሹ ይዘጋጃል፤ መሃል ላይም ይጠገናል። ስለዚህ አዋቂ ሰብሳቢ «ይህ ቅጂ ትክክል ነው ወይ?» ሲባል መልሶ «የየትኛው? በየትኛው ትዕይንት ላይ የሚታየው?» ብሎ ይጠይቃል። «የየትኛው ማተሚያ?» ከሚለው የጠገራ ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

ፈርጡ ለምን ይቆጠራል?

አሁን ወደ አያቴ አባባል እንመለስ። ድሮ በአገራችን ገበያዎች ሰው ጠገራ ሲቀበል የሴትዮዋን የራስ ጌጥ፣ በትከሻዋ ላይ ያለውን ባለ ዕንቁ ፈርጥና ከሥር ያሉትን ሁለት ፊደላት አይቶ እንደነበር ብዙ ተጓዦች ጽፈዋል። ብዙዎቹ ይህን እንደ ገጠሬ ግትርነት ነው ያዩት። እኔ ግን የጥራት ቁጥጥር ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጠገራ የሚሠራው በመምታት ነው። ጠፍጣፋው ብር በሁለት የብረት ማተሚያዎች መካከል ይገባና በከፍተኛ ኃይል ሲጫን፣ ብሩ ወደ ማተሚያው ጥቃቅን ጉድጓዶች ሁሉ ተገፍቶ ይገባል። የእያንዳንዷ ዕንቁ ጠርዝ ጥርት ብሎ ይወጣል። አስመሳዩ ግን ይህን የሚያህል ማሽን ስለሌለው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በማቅለጥ ነው። እውነተኛውን ጠገራ አሸዋ ወይም ሸክላ ላይ አትሞ ቅርጹን ያወጣል፤ ከዚያ የቀለጠ ብረት ያፈስበታል።

የቀለጠ ብረት ደግሞ ሦስት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ እንደ ውሃ ጠብታ መክበብ ስለሚወድ ሹል ጥግ ውስጥ በደንብ አይገባም፤ ትንንሾቹ ዕንቁዎች እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ሁለተኛ፣ አየር ይይዝና ገጹ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ይተዋል። ሦስተኛ፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ እንደ ብረቱ ዓይነት ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ያንሳል። የ40 ሚሊሜትር ጠገራ ቅጂ እስከ 0.8 ሚሊሜትር ድረስ ይጠባል ማለት ነው። ከዚያ ቅጂ ሌላ ቅጂ ከወጣ መጥበቡም መደብዘዙም ይደራረባል። የፊልም ዕቃ ሰብሳቢዎችም ከሌላ ሰው ቅጂ ላይ በፕላስቲክ የተቀዳን ዕቃ የሚያጋልጡት በዚሁ ነው፦ ትንሽ ይጠባል፣ ጠርዙም ይደበዝዛል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው። ቅጂን ስትመረምሩ መታየት ያለበት ትልቁና ዓይን የሚስበው ክፍል አይደለም፤ የመቅዳቱ ሥራ ቀድሞ የሚያበላሸው ክፍል ነው። የሴትዮዋን ፊት ማንም ያስመስለዋል። ዕንቁዎቹ ግን ይከብዳሉ። የጎጃም ነጋዴ ስለ ብረት መኮማተር ባይማርም፣ የሚበላሸው የቱ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ከዕንቁው የሚበልጥ ቦታም አለ፤ እሱም የሳንቲሙ ጠርዝ ነው። በጠገራ ጠርዝ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ተቀርጿል። ሁለት ቅርጾች ተጋጥመው ብረት ሲፈስባቸው መገጣጠሚያው የሚያርፈው ልክ እዚያ ላይ ነው። አስመሳዩ የመገጣጠሚያውን መስመር ለማጥፋት በሞረድ ሲፍቀው ጽሑፉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጠገራ ስታዩ ፊቱን ብቻ አትዩ፤ አቁማችሁ ጠርዙን እያዞራችሁ እዩት።

ያረጀና የተቀዳ እንዴት ይለያል?

የዕንቁ ቆጠራው ግን አንድ ድክመት አለው። በአንገት ላይ ሃምሳ ዓመት የተንጠለጠለ ብርም ዕንቁው ይጠፋል። ታዲያ ያረጀውንና የተቀዳውን በምን እንለያለን?

በአለባበሱ ነው። መፋቅ የሚጀምረው ከፍ ካለው ቦታ ነው፤ ጉንጩ፣ ትከሻው፣ በጀርባው ያለው የንስር ደረት ቀድመው ይለሰልሳሉ። ዝቅ ያለው ቦታና በዳር በኩል ያሉት ፊደላት ግን ለረጅም ጊዜ ጥርት ብለው ይቆያሉ። በማቅለጥ የተሠራው ግን ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውም እኩል ነው የሚደበዝዘው። በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ሳየው የተበሳው ጠገራ ትከሻው ልሙጥ ነው፤ የዳር ፊደሎቹና የጠርዙ ጽሑፍ ግን አሉ። አንጸባራቂው ፊቱ ሙሉ ነው፤ ፊደሎቹ ግን ሁሉም ሳሙና ላይ የተጻፉ ይመስላሉ። ጠርዙ ላይ ምንም የለም።

እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። ግን ዓይን ይሳሳታል፤ የእኔም ዓይን ጭምር። ስለዚህ ወደ ውሃው።

ውሃው ምን አለ?

ይህን እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ የወርቅ ሚዛን፣ ውሃ ያለበት ስኒና ቀጭን ክር ነው።

1. ጠገራውን በደረቁ መዝኑና ጻፉ።
2. ስኒውን ከነውሃው ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ንባቡን ዜሮ አድርጉት።
3. ጠገራውን በክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡ፤ የስኒውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። የአየር አረፋ ካለ አራግፉት።
4. አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ጠገራው የገፋውን ውሃ ክብደት ነው። አንድ ግራም ውሃ አንድ ሴንቲሜትር ኩብ ስለሆነ ይህ ቁጥር የጠገራው ይዘት ነው።
5. የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍሉ። የምታገኙት ዴንሲቲ የምንለውን እፍግታ ነው።

ንጹሕ ብር በሴንቲሜትር ኩብ 10.5 ግራም፣ መዳብ ደግሞ 9 ግራም ገደማ ነው። በጠገራው መጠን ሲደባለቁ 10.2 ይሆናሉ። ነሐስና ብር የሚመስሉ ሌሎች የመዳብ ቅይጦች ግን ከ8.4 እስከ 8.9 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ።

የእኛ ውጤት ይኸው፦

ሁለተኛው፣ ማንም ያልተከራከረበት፦ 28.00 ግራም፣ የገፋው ውሃ 2.74፤ ሲካፈል 10.22።

የተበሳው፣ «ፎርጅድ» የተባለው፦ 26.40 ግራም፣ የገፋው ውሃ 2.59፤ ሲካፈል 10.19።

አንጸባራቂው፦ 23.20 ግራም፣ የገፋው ውሃ 2.70፤ ሲካፈል 8.59።

የተበሳው ክብደቱ ጎድሏል፤ በመበሳቱና በመፋቁ። እፍግታው ግን አልተለወጠም፤ ከብር ላይ ብር ቢቀነስ የቀረው ያው ብር ነው። አንጸባራቂው ግን ከናካቴው የጠገራ ብር አይደለም። ስፋቱን በካሊፐር ስለካው 39.1 ሚሊሜትር ሆነ፤ የመኮማተሩ ነገር ማለት ነው። በስፋት ብቻ ግን አልፈርድም፤ እውነተኞቹም እንደ ማተሚያው ቦታ በመጠኑ ይለያያሉና።

«የቤት ሚዛን ይታመናል ወይ?» ትሉ ይሆናል። እናስላው። ክሩና አረፋው 0.05 ግራም ቢያሳስቱኝ መልሱ የሚዛነፈው በ2 በመቶ ገደማ ነው፤ 10.2 የነበረው ከ10.0 እስከ 10.4 ይወዛወዛል። በ10.2 እና በ8.6 መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ15 በመቶ በላይ ነው። መለኪያችሁ ፍጹም መሆን የለበትም፤ ከምትፈልጉት ልዩነት በደንብ ያነሰ ስህተት ካለው ይበቃል። ምህንድስና ውስጥ ቶለራንስ የምንለው ነገር ቁም ነገሩ ይኸው ነው።

ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት መልስ

ውሃው ሁሉን አይመልስም። እርሳስ ከብር ስለሚከብድ ከቀላል ብረት ጋር ተመጥኖ ተደባልቆ 10.2 ሊሰጥ ይችላል። በእውነተኛ ብር የተቀዳ ጠገራም ፈተናውን ያልፋል። ስለዚህ «እውነተኛ ነው ወይ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ሦስት ላይ መክፈል ይሻላል። ብረቱ ትክክል ነው? ይህን እፍግታው ይነግረናል። የተመታ ነው ወይስ የፈሰሰ? ይህን ጠርዙና ጥቃቅኑ ቅርጽ ይነግረናል። የየት ማተሚያ ነው? ይህን የፈርጡና የላባው ዝርዝር ይነግረናል፤ እሱ የሰብሳቢዎች ሥራ ነው።

የትኛው ጥያቄ እንደሚቀድም ደግሞ ዕቃው በተፈለገበት ጉዳይ ይወሰናል። ኢጣሊያ በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ገበያ ማርትሬዛን የምትመስል ሴት ያለችበት የራሷን ብር አውጥታ ነበር። ብሩ ጥሩ ነበር፤ ገበያው ግን ሴትዮዋ ሌላ ናት ብሎ አልተቀበላትም። ዓፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በምስላቸው ያስመቱት ብርም ከማርትሬዛ ጋር እኩል ለመታመን ብዙ ተቸግሯል። ያኔ እምነቱ ያረፈው በመልኩ ላይ ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ሕጋዊ መገበያያነቱ ቀረ። ዛሬ አጎቴ ሲሸጥ የሚከፈለው ለብረቱ ነው። የተበሳው ጠገራ በድሮው ገበያ ፈተና ይወድቅ ነበር፤ በዛሬው ግን ያልፋል። አያቴም ባለ ሱቁም የተሳሳቱት የድሮውን ፈተና ለዛሬው ጉዳይ ስላዋሉት ነው።

ጠገራ ያላችሁ ሰዎች ሁለት ነገር ልለምናችሁ። በአመድም በአሸዋም አትፈትጉት፤ ማስረጃው ያለው ጥቃቅኑ ቅርጽ ላይ ነው። ሳትመዝኑም አትሽጡ።

እኛ ቤት መጨረሻው እንዲህ ሆነ። አጎቴ ሁለተኛውን ሸጠና ማዳበሪያው ተገዛ። የተበሳው ወደ ሙዳዩ ተመለሰ። አንጸባራቂውን አያቴ ለልጅ ልጃቸው ለሠርጓ ያሰቡት ነበርና እንዴት ልንገራቸው ብዬ ተጨነቅሁ። ቁጥሮቹን ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና ሁለቱን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ ጣል ጣል አደረጓቸው። የተበሳው ቀጭን ድምፅ ሰጠ። አንጸባራቂው ደፍ ብሎ ቀረ። «እንግዲያ ለሠርጓ የተበሳው ይሁን» አሉና አንጸባራቂውን ለሕፃናቱ መጫወቻ ሰጡት።